ከመጋረጃው ሥር የታዩት ጫማዎች

ያን ዓመት ብርዱ የመጣው ከጭሱ ጋር ተቃቅፎ ነበር። ጉሙ ከኮረብታው ወርዶ የፈትል ፋብሪካዎቹን ጭስ ካገኘ በኋላ ወዴትም አልሄድም ብሎ ኦልደም ከተማ ላይ ተኛ። መብራት በቀን ይበራል። የትራም ነጂው ደወሉን እየደወለ መንገዱን እንደሚዳብስ ሰው ቀስ ብሎ ይሄዳል። የተሰጣ ልብስ እንደመድረቅ ይጠቁራል። ሰው አፉን በሻሽ ሸፍኖ ይወጣና ቤቱ ገብቶ ሲፈታው በአፉ ልክ ጥቁር ክብ ታትሞበት ያገኘዋል። የዚያ ብርድ ሕመሙ አጥንት ላይ አልነበረም፤ ጉሮሮ ላይ ነበር፤ እርጥብ ሱፍ የዋጡ ይመስል። ደግሞ የሚገርመው ሰዉ በዚያ ወራት ቲያትር ቤት እንደ ጉድ ይጎርፍ ነበር። ቤቱ ውስጥ ከሰሉ አልቋል፤ ቲያትር ቤት ግን ቢያንስ የሰው ትንፋሽ አለ። ከፋብሪካ የወጡት ሴቶች የእንጨት ጫማቸውን እያንኳኩ ደረጃውን ወጥተው ላይኛው ሰገነት ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ይቀመጡና ሙቀቱ ራሱ ያስቃቸዋል።

ሴሊና ኦግደን ድምጿን ያጣችው በዚያ ብርድ ነው።

ሴሊና ያን ጊዜ አርባን አልፋለች። አባቷ ፈታይ ነበር፤ እናቷና እኅቷ ዶርካስ ሸማኔዎች። እሷ ግን ገና በልጅነቷ ከአቶ ዊልፍሬድ ታተርሳል የቲያትር ጓድ ጋር ወጥታ ከከተማ ከተማ፣ ከአዳራሽ አዳራሽ ስትዞር ነው የኖረችው። አጭር ናት፤ ደልደል ያለች፤ ፊቷ ክብ፣ ዓይኖቿ ትንንሽና ነቃ ያሉ። ቆንጆ ተብላ ስለማታውቅ ፍቅረኛ ሆና ተጫውታ አታውቅም። በሃያ ዓመቷም አክስት ነበረች። አማት፣ ቤት አከራይ፣ የጎረቤት ሐሜተኛ፣ አክስት፤ ሌላ ተሰጥቷት አያውቅም፤ ሌላም ጠይቃ አታውቅም።

ጓዱ በየዓመቱ ይዞት የሚዞረው ኮሜዲ «ቤት ማንም የለም» ይባላል። ነገሩ ቀላል ነው። አንዲት ልጅ አክስቷ ቀብር ሄደችልኝ ብላ እጮኛዋን ቤት ታስገባለች። አክስት ሳይታሰብ ትመለሳለች። ልጁ የመስኮቱ መጋረጃ ጀርባ ይገባል፤ ግን ጫማዎቹ ከመጋረጃው ሥር ወጥተው ይታያሉ። አክስት ጫማዎቹን ታያለች፣ ትጮኻለች፣ ራሷን ስታ ትወድቃለች። የተጻፈው እንዲህ ነበር፤ ሴሊናም እንዲሁ ነበር የምታደርገው። ጩኸቷ እስከ ትራሙ ማቆሚያ ይሰማ ነበር ይላሉ።

ድምጿ በጠፋ ቀን አቶ ታተርሳል የልብስ ክፍሏ በር ላይ ቆሞ ፂሙን እያሻሸ አያት። የጓዱ ባለቤትም እሱ፣ መጋረጃ ጀርባ የሚቆመውም እጮኛ እሱ ነው፤ ሃምሳ ዓመቱ ቢሆንም ለሌላ አልለቅም ብሏል።

«ትንሽ እንኳ አይወጣም?» አላት።

ሴሊና አፏን ከፈተች። የተበሳ ጎማ የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ ወጣ።

«እንግዲያው ዝም ብለሽ ውደቂ። ስትወድቂ ግን ጠንከር አድርገሽ ውደቂ፣ ላይ ያሉት እንዲሰማቸው።»

ወጣች። ጥቁር ልብሷን ለብሳ፣ ባርኔጣዋን እንዳደረገች ገባች፤ ጫማዎቹን አየች። አፏን ከፈተች፤ ምንም የለም። ሰዉ ጩኸቱን እየጠበቀ ነው። እሷ መውደቁ እንኳ ጠፋባት። ቆማ ጫማዎቹን አየቻቸው። ጭቃ ነበረባቸው፤ ታተርሳል ከውጭ ገብቶ ሳይጠርጋቸው ነው የወጣው። ምን እንዳሰበች ኋላም ተጠይቃ መናገር አልቻለችም። ተቀመጠች። የባርኔጣዋን ስፒሎች አንድ በአንድ ነቀለች። ከምድጃው አጠገብ የጫማ ብሩሽ ነበር። አነሣችው። ተንበረከከች። እንትፍ አለችበትና የቀኙን ጫማ፣ እግሩ ውስጡ እንዳለ፣ መወልወል ጀመረች።

መጋረጃው ተንቀጠቀጠ፤ ታተርሳል ምን እንደመጣበት አላወቀም። ሴሊና ቀኙን ጨርሳ እንደ ሊስትሮ በብሩሹ ጀርባ ግራውን መታ መታ አደረገችው፤ ቀይር ማለቷ ነው። እግሩ ከመጋረጃው ሥር ቀስ ብሎ፣ በፍርሃት፣ ወደፊት ወጣ። ያን ጊዜ ከሰገነቱ አንዲት ሴት እንደ ዶሮ ጮኻ ሳቀች፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሳቅ የሰሙ ሰዎች ጣሪያው የወረደ መስሏቸው እንደነበር ያወራሉ።

ድምጿ ሲመለስ ጩኸቱ አልተመለሰም። ጫማ ውልወላው በቦታው ጸና። ሴሊና ዓመት በዓመት አስተካከለችው። በየከተማው ሳቁ የተለያየ ነው፤ በሮችዴል ፈጥኖ ይመጣና ፈጥኖ ይወርዳል፣ በበርንሊ ዘግይቶ ይነሣል ግን አይቆምም። እሷ ጀርባዋን ለሰዉ ሰጥታ፣ ተንበርክካ፣ ጆሮዋን ብቻ ከፍታ ትጠብቃለች። ሳቁ መውረድ ሊጀምር ሲል ግራውን እግር መታ ታደርጋለች፤ አትቀድምም፣ አትዘገይምም። ሥራዋ ይህ መጠበቅ ነበር፤ ብሩሹንማ ማንም ያንቀሳቅሰዋል።

በታተርሳል ጓድ አንድ ወግ ነበር። ማንኛውም ተዋናይ ተጠባባቂ አለው፤ ሰው ይታመማል፣ ባቡር ያመልጠዋል። ዋናው ተዋናይ ለተጠባባቂው የሚያውቀውን ሁሉ ሳይሰስት ያሳያል፤ የሰሰተ እንደ ነውረኛ ነው የሚታየው። ተጠባባቂውም ተራው ደርሶ ሲጫወት፣ መጨረሻ ላይ እጅ ሲነሱ ወደፊት ወጥቶ «ያቺ ነገር የእገሌ ናት» ብሎ ስም ይጠራል። ሰዉም ለሌለው ሰው ያጨበጭባል። ወረቀት የለም፣ ፊርማ የለም። ሁሉም ያደርገዋል፤ ያላደረገ አልነበረም።

እንግዲህ የሚናገረው ፊልም መጣ። መጀመሪያ ሰዉ ያልፋል አለ። ቀጥሎ የበርንሊው አዳራሽ ማጉያ ተተከለለት፤ ቀጥሎ የሮችዴሉ። ሙዚቀኞቹ ቫዮሊናቸውን ይዘው ፋብሪካ በር ላይ ለሳንቲም መጫወት ጀመሩ። አንድ ቀን ከሰዓት ታተርሳል ፊቱ እንደ ሠርገኛ በርቶ መጣ።

«ሸጥኩት!» አለ። «ለንደኖች ‹ቤት ማንም የለም›ን ገዙት። ፊልም ሊያደርጉት ነው። አንቺም ትመጫለሽ፣ ሴሊና፤ ጫማውን በጣም ፈልገውታል።»

ሴሊና ማታ ለዶርካስ ነገረቻት። ዶርካስ ታናሽ ናት፤ ባሏ በጦርነቱ የሞተባት፤ ምላሷ እንደ ሸማ መወርወሪያ ወዲህ ወዲያ የሚል። ድንች እየላጠች ነበር።

«ለንደን!» አለች። «እንግዲህ ስትመለሺ ከኛ ጋር የጨጓራ ወጥ አትበዪም በይኛ።»

«ቀልዱን ተዪው፣ ዶርካስ። ስሚኝ። እኛ የምንሠራው መብራቱ ሲጠፋ ይጠፋል። ሠላሳ ምናምን ዓመት የሠራሁት የት አለ? የትም። ይኼኛው ግን ይቀራል። እኔ ከሞትኩም በኋላ ሰው ጭለማ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይስቅልኛል።»

ዶርካስ ቢላዋዋን አቆመች። እኅቷ እንዲህ ስትናገር ሰምታ አታውቅም ነበር።

«ልብስሽን እኔ እተኩስልሻለሁ» አለቻት።

የለንደኑ ፊልም መሥሪያ ቤት ውስጡ ድምፅ እንዳያስተጋባ በወፍራም ብርድ ልብስ ተሸፍኖ ነበር፤ ግድግዳው ሁሉ። መብራቱ ያቃጥላል። ማይክሮፎኑ ከጣሪያ ተንጠልጥሎ እንደ ተርብ ጎጆ ራሷ ላይ ቆሟል። ዲሬክተሩ ሹራብ የለበሰ፣ ጨዋ፣ ከሲታ ወጣት ነው። «አንድ ነገር ብቻ፣ ሚስ ኦግደን፤ እዚህ ማንም አይስቅም። መሣሪያው ሁሉን ይሰማል» አላት። ሴሊና ገባኝ አለች። ግን ምን እንደተባለች የገባት ስትንበረከክ ነው።

ቀኙን ወለወለች። ጆሮዋን ከፈተች። ምንም የለም። ጉድጓድ ውስጥ ድንጋይ ጥሎ ድምፁን እንደሚጠብቅ ሰው ጠበቀች። ከኋላዋ አንድ ሠራተኛ አፉን በቆቡ አፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እሷ ግን ጀርባዋን ሰጥታለች፣ አላየችውም። ጠበቀች።

«ቁረጡ! በጣም ጥሩ ነው። ብቻ ምን ሆነው ቆሙ?»

«ሳቁ እስኪወርድ ነዋ።»

«የትኛው ሳቅ?»

ደጋግመው ሞከሩ። ስትፈጥን እጇ ይሳከራል፤ ስትጠብቅ የትም አይደርስም። ከሰዓት ላይ ዲሬክተሩ ግንባሩን እየጠረገ «አሁን ትንሽ ይረፉ። እግረ መንገድዎን ለሚስ ፌንዊክ አንድ ጊዜ ቢያሳዩልኝ?» አላት።

ሚስ ኦድሪ ፌንዊክ ሃያ ስድስት ቢሆናት ነው። ፊቷ ላይ ሽብሽብ ሥለውባታል፤ ሆዷ ላይ ትራስ አስረውላታል፤ የሴሊናን የሚመስል ጥቁር ልብስ አልብሰዋታል። ሴሊና ይህን ስታይ ደስ አላት። የለንደን ሰዎች ጥንቃቄያቸው! ብላ አሰበች፤ እኛ ዘንድ ተጠባባቂ የራሷን ቀሚስ ለብሳ ነው የምትማር፤ እነዚህ ግን ተጠባባቂዋን እንኳ ከነሽብሽቧ አዘጋጅተዋታል። ልቧ ለልጅቷ ራራ። ይቺን የምታክል ቆንጆ አሮጊት አስመስለው ምናልባት ለማትጫወተው ነገር ያስቀምጧታል።

«ነይ፣ የኔ ሆድ» አለቻት። «ተንበርከኪ። ወገብሽን አታቅኚ፤ አክስትሽ ቀኑን ሙሉ መቃብር ላይ ቆማ የዋለች ናት። እንዲህ።»

«ለምንድነው ግን የምትወለውለው? ሰውየውን አላየችውም?»

«አይታዋለች እንጂ! ግን ቆሻሻ ጫማ ቤቷ ውስጥ ነው፤ የእግሩ ባለቤት ነገ ይጠየቃል፤ ጭቃው ግን ዛሬ ነው። ገባሽ? አትቀልጂ። ከምርሽ ወልውዪ።»

ልጅቷ ሳቀች። ጎበዝ ነበረች፤ ይህን መካድ አይቻልም። ቶሎ ገባት። ሴሊና የስፒሉን አነቃቀል፣ እንትፍታውን፣ በብሩሹ ጀርባ መምታቱን፣ እግሩ እንቢ ሲል ተረከዙን እንደ እንቢተኛ ላም እግር ቆንጠጥ ማድረጉን፣ ሁሉን ሰጠቻት።

«ሰው ካልሳቀ እስከ መቼ ነው የምጠብቀው?» አለች ኦድሪ።

ሴሊና አሰበች። ይህን ራሷም ጧቱን ሙሉ ስትፈልገው የዋለችው ነበር። ለልጅቷ ስትል ግን መጣላት።

«በልብሽ አንድ ሰው አስቀምጪ። አንድ የምታውቂውን ሳቂታ። እሱ ሲበቃው ቀጥዪ።»

ኦድሪ ተነሥታ ጉንጯን ሳመቻት። «አክስቴ ነሽ!» አለቻት። ሴሊና በዚያ ማታ በጣም ደስ ብሏት ተኛች፤ ያስተማረችው ለራሷም መልስ ሆኗታልና። ነገ በልቤ ዶርካስን አስቀምጣለሁ አለች።

በነጋታው ጧት ታተርሳል በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ቆቡን በእጁ ያሽከረክረዋል።

«ሴሊና፣ እንዳትቆጪ።»

«ምኑን?»

«አክስትን ኦድሪ ናት የምትሠራው። ከመጀመሪያም እንደዚያ ነበር፤ አንቺን በመሣሪያው የሞከሩሽ ለወጉ ነው። አንቺን የፈለጉሽ... እንድታሳያት ነው።»

«ተጠባባቂዬ መስላኝ!»

«ፊልም ተጠባባቂ የለውም፣ እኅቴ። አንድ ጊዜ ነው የሚሠራው።»

«አንተ ታውቅ ነበር?»

ታተርሳል ቆቡን አየ። «የቀብሩ ትዕይንት ላይ ትገቢያለሽ። ከአልቃሾቹ ጋር። ዓይነ ርግብ አለው።»

ገባች። ለምን እንደገባች ዶርካስ ኋላ ብዙ ጊዜ ጠይቃታለች። «ታዲያ ለብሼ ነበራ» ነው መልሷ።

ፊልሙ የወጣው በጸደይ ነው። አንድ እሑድ ዶርካስ የለንደኑን ጋዜጣ ከጎረቤት ተውሳ አምጥታ ገበታው ላይ ዘርግታ ጮክ ብላ ታነብ ጀመር። ሐያሲው እንዲህ ብሎ ነበር፦

«የሚናገር ፊልም ከመጣ ወዲህ ሲኒማ ቤቶቻችን የፋብሪካ ያህል ጫጫታ ሆነውብን ነበር፤ ተዋንያኑ ዝም ካሉ ገንዘባችንን መልሱ የምንላቸው ይመስል። ይህ ፊልም ግን ከአንድ ተራ የክፍለ ሀገር ቀልድ ተነሥቶ፣ ድምፅ ባለው ፊልም ውስጥ ዝምታ ምን ያህል እንደሚያስቅ አሳይቶናል። ሚስ ፌንዊክ ተንበርክካ የማታውቀውን ሰው ጫማ ስትወለውል የሚሰማው የብሩሹ ሹክሹክታ ብቻ ነው። እንደ ልማዱ ‹ከመድረክ የመጣ› ብለን የምንንቀው ነገር እዚህ የለም። ይህ ትዕይንት ከመድረክ አንዳች አልተዋሰም፤ መድረክ ላይ ሊታሰብም አይችልም። ከካሜራው ጋር የተወለደ ነው።»

ዶርካስ ቀና አለች። «ምነው፣ ይኼ ያንቺ አይደለም እንዴ?»

«የኔ ነው።»

«ታዲያ ሰውየው ምን ነክቶት ነው?»

«አላየኝም።»

«ይኼን ሁሉ ዓመት?»

«ለንደን ነው የሚኖረው፣ ዶርካስ።»

ከታች የኦድሪ ፌንዊክ ቃል ነበረ። ይህን ነገር ከየት አመጡት ብለው ሲጠይቋት፣ «አንዲት አሮጊት አክስቴን አስታውሼ ነው» ብላ ነበር። ሴሊና ይህን ዶርካስ ሁለቴ እንድታነብላት ጠየቀች። ከዚያ የእሑድ ምሳቸውን ሥጋ ቆረጠችና በላች።

ሌሎቹም ጋዜጦች ተከታተሉ። አንዱ የዓመቱ ምርጥ ኮሜዲ አለው፤ አንዱ ሲኒማ ከቲያትር ሞግዚትነት ነፃ የወጣበት ቀን አለ። ፊልሙ ኦልደም ሲደርስ የታየው ራሷ ድምጿን ባጣችበት አዳራሽ ነው፤ መድረኩ ላይ ነጭ ሸራ ተወጥሮ፣ በግራና በቀኝ ማጉያ ቆሞ። እኅትማማቾቹ ሄዱ። የቀብሩ ትዕይንት መጣ፤ ጥቁር ለባሾች ተግተልትለው አለፉ።

«የቱ ጋ ነሽ?» አለች ዶርካስ አንገቷን አስግጋ።

«አልፌያለሁ።»

ከዚያ ጫማዎቹ መጡ። ሁሉም ነበር፤ ስፒሎቹ፣ እንትፍታው፣ የተረከዙ ቆንጠጥ። የኦልደም ሰው በሳቅ ፈነዳ። ሴሊና ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። ሳቁ ገና ሳይወርድ ኦድሪ ግራውን መታች፤ ቀጣዩ ንግግር በሳቁ ተዋጠ፤ ማንም አልሰማውም፤ ማንም ግድ አልሰጠውም። ፊልሙ አይጠብቅም። ሳቂው ሮጦ ይከተለዋል እንጂ።

ሲወጡ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሄይኸርስት ክንዷን ያዘቻት፤ እንባዋን እየጠረገች ነበር።

«ሴሊና! ያቺ ልጅ ልክ እንዳንቺ ነው የምታደርገው!»

«አይተሽኝ ነበር እንዴ፣ እመቤት?»

«ኧረ በየዓመቱ! ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ አትቀየሚኝ፤ አንቺ ስታደርጊው እናቴን ነው የምትመስዪኝ። እሷ ግን... አርቲስት ናት።»

ሴሊና በዚያ ሳምንት የከተማውን ጋዜጣ ሐያሲ አቶ ክራብትሪን ልታነጋግረው ሄደች። ክራብትሪ ጓዱ በመጣ ቁጥር ነፃ መቀመጫ የሚሰጠው፣ ፈገግ ያለ፣ ሆዱ የገፋ ሰው ነው። ለንደኖቹ ባያዩኝ የከተማዬ ሰው ጽፎ ይመሰክርልኛል ብላ ነው።

«አቶ ክራብትሪ፣ እርስዎ ነዎት የሚያውቁኝ። ያ ጫማ የኔ መሆኑን ሁለት መስመር ይጻፉልኝ።»

«እንዴታ!» አለ፤ መነጽሩን አድርጎ የድሮ ጋዜጦቹን አገላበጠ። «ይኸው! ‹ሚስ ኦግደን እንደ አክስት ድንቅ ናት፤ ጩኸቷ አዳራሹን አናግቶታል።›»

«እሱ መጀመሪያ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ይዩ።»

ቀጣዩን ዓመት አወጣ። «‹ሚስ ኦግደን እንደ አክስት ድንቅ ናት፤ ጩኸቷ...›» ቀጣዩንም። ያው ነበር። እስከ መጨረሻው ዓመት ድረስ ቃል ሳይለወጥ ያው። ክራብትሪ ቀላ። አንድ ጊዜ ብቻ ነበር ያየው፤ ከዚያ ወዲህ ነፃ ትኬቱን ለሚስቱ እኅት እየሰጠ የዱሮውን ጽሑፍ እያሳተመ ነው የኖረው።

«ሁሌ ያው ቲያትር ነው ብዬ...» አለ።

«ልክ ነዎት» አለችው ሴሊና ተነሥታ። «ያው ነው።»

«ጩኸቱ ግን የሚረሳ አልነበረም፣ ሚስ ኦግደን! ይመኑኝ!»

በበጋው ታተርሳል አዳራሽ አገኘ፤ በባሕር ዳርቻዋ መዝናኛ ከተማ በሞርካም፣ ባሕሩ ላይ በተዘረጋው የእንጨት ድልድይ ጫፍ ያለውን። ማስታወቂያው በቀይ ተጽፎ ነበር፤ «ለንደን ያደነቀው ፊልም፣ በአካል ፊታችሁ!» ሴሊና እሄዳለሁ አለች፤ ግን አንድ ነገር አስማለችው።

«መጨረሻ ላይ እጅ ስንነሳ ወደፊት ትወጣለህ። ይህ ነገር የሴሊና ኦግደን ነው ትላለህ። እንደ ወጋችን። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«እላለሁ» አለ። «በእናቴ!»

ቃሉን አላጠፈም። ያን መናገር ያስፈልጋል።

መክፈቻው ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ ፊታቸው በፀሐይ የቀላ ዕረፍተኞች፣ አሸዋ ጫማቸው ውስጥ የቀረባቸው ቤተሰቦች። ሴሊና ገባች። ገና ባርኔጣዋን ሳትነካ ሳቁ ተጀመረ። ምን እንደሚመጣ ያውቁታል። ብሩሹን ስታይ ሳቁ፤ ስትንበረከክ አጨበጨቡ። ጆሮዋን ከፍታ የምትጠብቀው ነገር አልነበረም፤ ቀድሟት መጥቷል። ከፊት መስመር አንዲት ሴት ለባሏ «ልክ እንደ ፌንዊክ! አየህ? እንትፉን ራሱ!» ስትል ሰማቻት። ባልየው «ትንሽ ታዘገየዋለች» አለ።

መጨረሻ ላይ ታተርሳል ወደፊት ወጣ። ላቡ የፊቱን ቀለም አጥቦታል። እጁን ወደ ሴሊና ዘረጋ።

«ክቡራንና ክቡራት፣ በቲያትር ጓዳችን ወግ መሠረት፤ ያቺ የጫማ ነገር የዚህች የሚስ ሴሊና ኦግደን ፈጠራ ናት!»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ሳቁ። የዚያ ማታው ትልቁ ሳቅ እሱ ነበር። ቀልድ መሰላቸው። ወንዶቹ ጉልበታቸውን መቱ፤ አንዱ ከኋላ «ካሜራውንም እሷ ናት የፈጠረችው!» ብሎ ጮኸ፤ እንደገና ሳቁ። ታተርሳል ዞሮ አያት። አፉ ተከፍቶ ነበር። ሴሊና ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች፤ ሌላ ምን ታድርግ።

የሞርካም ጋዜጣ በማግስቱ፣ ሚስ ኦግደን የታዋቂዋን ሚስ ፌንዊክ ሥራ በታማኝነት ለመቅዳት መጣሯን፣ ዋናውን ግን እንዳልደረሰችበት፣ ጓዱ ራሱ በመጨረሻ በዚሁ መቀለዱም ደግ መሆኑን ጻፈ። የአዳራሹ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፈውት ነበር። ሴሊና እንደሌላው ሰው ቆማ አነበበችው።

በዚያ ቀን አክስት ገባች። ሳቁ ተነሣ። ጫማዎቹን አየች። ብሩሹ እዚያው ምድጃው አጠገብ ነበር። ሴሊና አፏን ከፈተችና ጮኸች። የተጻፈውን ጩኸት ነው፤ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ። ሰዎቹ መቀመጫቸው ላይ ዘለሉ፤ አንድ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ። ራሷን ስታ ወደቀች። ጠንከር አድርጋ።

ሰዉ ብሩሹን ጠበቀ። ቀጥሎ አንዱ «ጫማውስ?» አለ። «ብሩሹን ያዢ እንጂ!» አለ ሌላው። እግራቸውን ወለሉ ላይ ማንኳኳት ጀመሩ።

ከመጋረጃው ጀርባ የታተርሳል ሹክሹክታ መጣ። «ሴሊና። ሴሊና! ተነሺና ወልውዪኝ፣ በናትሽ!»

«አልነሣም» አለችው ወለሉ ላይ እንደተዘረጋች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ራሴን ስቻለሁ።»

«ሰዎቹ ሊሄዱ ነው!»

«ይሂዱ። እንደ ተጻፈው ነው የሠራሁት።»

«ያንቺ ነው እኮ! ራስሽ ነሽ የፈጠርሽው!»

«እኔ? ለፌንዊክ ንገራት፣ እሷ ትወልውልህ።»

የመድረኩን መጋረጃ ዘጉት። ማንም አልጮኸባትም። ታተርሳል ሳጥን ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያወልቃል፣ መልሶ ያጠልቃል። «ነግሬያቸው ነበር» ይላል። «ነግሬያቸው ነበር፣ አይደል?» ሴሊና «ነግረሃል፣ ዊልፍሬድ» አለችው፤ በስሙ ስትጠራው የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም ነበር። በማግስቱ የአክስትን ሚና ለአንዲት የሞርካም ልጅ ሰጡ። ቲያትር ሠርታ አታውቅም፤ ፊልሙን ግን ደጋግማ አይታዋለች፤ ማስተማር እንኳ አላስፈለጋትም።

ሴሊና ኦልደም ተመልሳ ጥቂት ዓመት ከዶርካስ ጋር ኖረች። ዶርካስ በሳንባ ሕመም ስትሞት ቤቱን ለቀቀች። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊጀመር ሁለት ዓመት ሲቀረው ፕሬስተን ከተማ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው በስተጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከራይታ በአንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ቤት ትሠራ ነበር። ከዚያ ወዲያ የት እንደሄደች የሚያውቅ ሰው የለም።